የ6 ሳምንት የንግግር ስልጠና ጅማ ላይ፦ ለከፈልኩት ብር ምን አገኘሁ?

ሽማግሌው ተመልሰው የመጡት በአራተኛው ቀን ማምሻውን ነው። ጋቢያቸው ትከሻው ላይ ርሷል። የመድኃኒቱን ላስቲክ ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ነገር አልያዘልኝም» አሉኝ። ከፍቼ ቆጠርኩ። የሰጠኋቸው ለ7 ቀን የሚሆን 21 ፍሬ አሞክሳሲሊን ነበር። 17 ቀርቷል።

«አባቴ፣ እንዴት እንዴት አድርገው ነው የወሰዱት?»

«እንዳልሽኝ ነዋ። በስምንት ሰዓት።»

እኔ ያልኳቸው «በየስምንት ሰዓቱ» ነው። ቢያንስ ያልኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በየቀኑ ምሳቸውን በልተው፣ ልክ ቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ ፍሬ ይውጣሉ። አንድም ቀን አላሳለፉም፤ ሰዓት አክባሪ ሰው ናቸው። የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም ስምንት ሰዓት ራሱ ትክክል መሆኑ ነው። ብጽፍላቸው ኖሮ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4» ብዬ ነበር የምጽፈው። ከሦስቱ አንዱን አግኝተውታል።

«በየስምንት ሰዓቱ» እና «በስምንት ሰዓት»። ልዩነቱ መሃል ላይ ያለች «የ» እና መጨረሻ ላይ ያለች «ቱ» ናት። ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ 9 ዓመቴ ነው። ሰው ሲበዛ ሁለቱንም እውጣቸዋለሁ። ይሄን ያወቅኩት ግን ያን ቀን አይደለም። ያን ቀን ያጠፉት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

የስልጠናው ማስታወቂያ በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ መጣልኝ። በሥራና በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያስፈልጉ የንግግር መሠረታውያን፣ በ6 ሳምንት፣ ቅዳሜና እሁድ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል (አዎ፣ ቀን ስምንት ሰዓት)። ዋጋው 3,000 ብር። ባሌ «አንቺ ንግግር ልትማሪ? ለእኔ ይከፈለኝ እንጂ!» አለ። ተመዘገብኩ።

የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም። ከአሰልጣኞቹ አንዷ ደንበኛዬ ናቸው። ሌላው ደግሞ ይሄን ካነበበ ራሱን ያውቃል።

ክፍሉ ከፎቅ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር። ወንበሩ 18፣ እኛ 22። ቀድሞ ያልመጣ ከታች ካለው ካፌ ወንበር ተሸክሞ ይወጣል። ማን ማን አለ? ገና የተመረቁና ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ልጆች ይበዛሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንድ ቡና ነጋዴ፣ የሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ ልጅ፣ ሁለት ነርሶችና እኔ። ባጃጅ ነጂውን ለምን መጣህ ስለው «ሰው 'እዚህ ጋ' ይላል። እዚህ ጋ የት ነው? ሲለኝ እኮ አልፌዋለሁ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የስልጠና ምክንያት እስከ መጨረሻው አልሰማሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቶሎ ብዬ ልለፋቸው ነበር፤ ግን ሌላ ቦታም ይሄንኑ ታገኙታላችሁና ልናገር።

አሰልጣኙ ሱፍ የለበሰ፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ ወጣት ነው። ስላይዱ በሙሉ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ትልቅ ክብ ስዕል መጣ። «ከምናስተላልፈው መልእክት ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው። 38ቱ የድምፅ ቃና፣ 55ቱ የሰውነት እንቅስቃሴ» አለ። ሁሉም ጻፈ። እኔ እጄን አወጣሁ። «እና መድኃኒት ስሰጥ 93 በመቶውን በእጄ ልንገራቸው?» ሳቁ። እሱም ሳቀና ወደ ሦስተኛው ገጽ አለፈ።

እቤት ገብቼ ፈለግኩት። ቁጥሩ የመጣው አልበርት መህራቢያን ከተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፣ በአውሮፓውያን 1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች። የተጠናው ነጠላ ቃል ነው። ቃሉ አንድ ነገር፣ ድምፁና ፊቱ ሌላ ነገር ሲሉ አድማጩ «ወዶኛል ወይስ ጠልቶኛል» የሚለውን በየቱ ይፈርዳል? ጥያቄው ይሄው ነበር። መህራቢያን ራሱ ቀመሩ ስሜትንና መውደድ መጥላትን ለሚናገር ሰው ካልሆነ እንደማይሠራ ተናግሯል። በእርግጥ ሚስት «ምንም አልሆንኩም» ስትል ፊቷን ማየት ይሻላል። «ከወተት ጋር እንዳይወስዱት» ስል ግን ፊቴን አይታችሁ ምንም አታገኙም።

ቀጥሎ ዓይን መጣ። «የምታናግሩትን ሰው ዓይን ዓይኑን እዩ። ዓይኑን የሚሰብር ሰው በራሱ አይተማመንም።» ይሄን የት አገር እንደሚሠራበት አላውቅም። እዚህ አንድ የ20 ዓመት ልጅ አባቱ እየተናገሩ ዓይን ዓይናቸውን ቢያይ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ነው የሚባለው። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁት ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲፋጠጡ ላየ፣ የንግግር ሳይሆን የቦክስ ስልጠና ይመስል ነበር። እጅ መጨበጥም እንደዚያው። «ጠንከር አድርጋችሁ፣ ቀድማችሁ» ተባልን። ከነርሶቹ አንዷ ሂጃብ የለበሰች ናት፤ ከወንድ ጋር አትጨባበጥም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። በፈገግታ። ጅማ ውስጥ ይሄን ሰላምታ የማያውቅ ሰው የለም፤ በጣም ያምራል። አሰልጣኙ ግን የተዘረጋች እጁን ምን እንደሚያደርጋት ጠፋው። አየር ላይ ቀረች።

ንግግር የሚባለው ነገር ታሪክ ደግሞ ከአሪስቶትል ጀምሮ እዚያው አለቀ። ቅሬታዬ አሪስቶትል ላይ አይደለም። ግን ከጀርባዬ የተቀመጡት ቡና ነጋዴ ቀስ ብለው «በላ ልበልሃስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ድሮ ሰው ሸማውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ «ተጠየቅ!» እያለ ችሎት ፊት የሚሟገትበት አገር ነው። ግጥም ገጥሞ ምስክሩን የሚያፋጥጥ፣ ዳኛውን ሳያስቀይም ዳኛውን የሚነካ። ይሄን ያህል ስንቅ ይዘን ስለ አንደበት ለመማር ተነስተን ግሪክ ደርሰን ተመለስን።

እዚህ ላይ ላቋርጥ ነበር። ብሬን አይመልሱም ብዬ ነው የቀጠልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አሰልጣኝ ተቀየረ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት መጡ። አጭር፣ ነጠላ የለበሱ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። ስላይድ የለም። ጠመኔ ጠየቁ። ሰሌዳው ግን በማርከር የሚጻፍበት ነው፤ ማርከሩ ደርቋል። «ደግ፣ በአፋችን እንማራለና» አሉ።

ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና አቋረጡት። «ቡናውን ነገ በጠዋት ከመጋዘን አውጥቼ በአይሱዙው ወደ አዲስ አበባ…» ዝም አሉ። ዞር ብለው አዩን።

«እ? ምን ሆነ ቡናው?»

«ይልካሉ» አለ አንዱ።

«አልልክም ልል ብሆንስ? ልልክ ነበር ልል ብሆንስ? እንድልክ ታዝዤ ነበር፣ ግን ታመምኩስ ብል?»

ክፍሉ ዝም አለ። ቡና ነጋዴው «እኔ እዚህ ጋ ሲደርስ ነው ስልኩን የምዘጋው» አሉ። በሳቅ ፈረስን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የሆነ የከሰሩበት ነገር ትዝ ያላቸው ይመስላል።

የመምህርቷ ነገር ይሄ ነበር። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን፣ መቼ፣ አደረገ ወይስ አላደረገ፣ ሁሉም እዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን ያልቃል። ድምፃችን ይወርዳል። ዓይናችን ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል። «ዋናውን ዕቃ ከመኪናው ኋላ ጭናችሁ በሩን ሳትዘጉ የምትነዱ ናችሁ» አሉን። የሚያዳምጥም ሰው እንዲሁ። ተናጋሪውን ከመሃል ካቋረጠው የሚቀረው ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አልተነገረውም።

እኔ አማርኛ ስናገር ኖሬ ይሄን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የቤት ሥራ ሰጡን። በሥራ ቦታ ዘወትር የምትናገሩትን ዓረፍተ ነገር በስልካችሁ ቅዱና ስሙት። ደንበኛ መቅዳት ነውር ነው፤ ስለዚህ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ደንበኛ አድርጌ አቆምኳት። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ውጭ ባጃጁም ጫኝና አውራጁም ይጮሃል። እንደወትሮዬ ተናገርኩ። ማታ እቤት ከፍቼ ሰማሁት።

«አንድ አንድ ፍሬ ጠዋትና ማታ፣ ከወተት ጋር እን… ስዱት፣ ሳያቋርጡ ይጨር…»

መልሼ ሰማሁት። ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር የያዝኩት። ከወተት ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። «እንዳይወስዱት» ማለቴ ነው። ስልኬ ላይ ያለችው ሴትዮ ግን «እንዳይወስዱት» ትበል «እንዲወስዱት» እኔም መለየት አልቻልኩም። እህቴን ጠርቼ አሰማኋት። «እንዲወስዱት ነው የምትዪው» አለች። ሳትጠራጠር።

ያን ማታ ሽማግሌው ትዝ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው። ክልከላውን ከመጨረሻው አውጥቼ መጀመሪያ ላይ አመጣሁት። «ወተት ክልክል ነው። ከወተት ጋር እንዳይወስዱት።» ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ሰዓቱንም «በየ» የሚል ነገር አስቀርቼ በስሙ እጠራዋለሁ። ሙስሊም ለሆኑ ሽማግሌዎች ደግሞ የበለጠ ይቀላል፦ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ከዙህር በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ። ሰዓት ማየት አያስፈልግም።

ዝናብ የጣለበትን ቀን ሳልናገር አላልፍም። ሐምሌ ነው። የጅማን ዝናብ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ያለነው ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር። ገና እንደጀመርን ወረደ። ከፊት ለፊት ያለን ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ምንም አይሰማም። የንግግር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ንግግር አለመስማት! ማሰልጠኛው ጣሪያውን ኮርኒስ ለማልበስ ከ22 ሰው የተሰበሰበው ብር አይበቃውም ነበር? (ይሄን አስተያየት መስጫ ወረቀቱ ላይ ጽፌያለሁ።) የፊተኛው አሰልጣኝ ቢሆን ይጮህ ነበር። መምህርቷ ግን ብድግ አሉና ሁለት ሁለት አድርገው አቆሙን። በምልክት «ቅረቡ» አሉን። ክንድ የማይሞላ ርቀት። ከዚያ ድምፃችንን ሳናነሳ፣ ቃል በቃል፣ መጨረሻዋን ሳንውጥ እንድንነጋገር አደረጉን። ተሰማ! ለካ ድምፅ ከመጨመር መቅረብ ይቀላል። እኔ ለ9 ዓመት ባንኮኒው ማዶ ሆኜ ስጮህ ኖሬያለሁ።

በዚያው ቀን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን አንዱ እየነገረ አንዱ እንዲስል አዘዙን። ለእኔ የደረሰኝ ዕቃ በርጩማ ነው። የጅማ በርጩማ፣ ያ ባለ ሦስት እግሩ። የደረሰኝ ሰው ባጃጅ ነጂው። ቀላል ነው ብዬ ጀመርኩ። «ክብ ነው። መሃሉ ጎድጎድ ያለ። ከሥሩ ሦስት አሉ፣ ወደ ውጭ ወጣ ወጣ ያሉ።» ሦስት ምን እንደሆኑ አልነገርኩትም። ለእኔ በርጩማው ይታየኛላ! እሱ ይስላል፣ እኔ እናገራለሁ፣ «እሺ፣ እሺ» ይለኛል። ስንጨርስ ዞሬ አየሁት። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ነው የሳለው። ከሥሩ እሳት ሁሉ አለው።

«እሳቱን ከየት አመጣኸው?»

«ምጣድ ጥደሽ እሳት ልትረሺ ነው እንዴ ብዬ» አለኝ።

ዕቃው በርጩማ መሆኑን መጀመሪያ ብናገር ሁሉም በቀለለ። ከአንድ እንጨት የሚፈለፈል፣ ብዙ ጊዜ ከዋንዛ፣ እግሩና መቀመጫው የማይነጣጠል መሆኑን ከዚያ በኋላ ብጨምር ይስለው ነበር። እኔ ግን የጀመርኩት ከጉድጓዱ ነው። አሁን መድኃኒት ስሰጥ መጀመሪያ «ይሄ ለደም ግፊትዎ ነው» እላለሁ። ድሮ ከቁጥሩ ነበር የምጀምረው።

ሌላው ነገር እሺ ነው። መምህርቷ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ «እሺ» ላይ አጠፉ። ሰማሁ እሺ። ገባኝ እሺ። ተስማማሁ እሺ። አደርገዋለሁ እሺ። ተወኝ፣ ነዝንዘሽ ጨረስሽኝ እሺ። ሰው «እሺ» ሲላችሁ የትኛውን እንዳላችሁ አታውቁም። ቧንቧ የሚጠግነው ሰውዬ «ነገ ና» ስለው «እሺ» ያለኝ አምስተኛው ዓይነት መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር፤ ከስልጠናው በኋላ ያነበብኩት ነው። በአውሮፓውያን መጋቢት 1977፣ ቴነሪፍ በምትባል የስፔን ደሴት፣ ሁለት ቦይንግ 747 መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጭጋግ ነበር። የአንደኛው አብራሪዎች በሬዲዮ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚመስል ነገር ተናገሩ። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳው። እነሱ ግን መንደርደር ጀምረዋል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የመለሰላቸው ቃል ምን ይመስላችኋል? «ኦኬ»። እሺ! ቀጥሎ «ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» ብሏል። በዚያው ቅጽበት ሌላኛው አውሮፕላንም በሬዲዮ ስለተናገረ ድምፁ በጩኸት ተዋጠ። ከዚያ ወዲህ «መነሳት» የሚለው ቃል የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ትእዛዝ የተቀበለም «እሺ» ብሎ አያልፍም፤ የታዘዘውን ራሱ ደግሞ ይናገራል።

የእኔ ባንኮኒ ላይ አውሮፕላን የለም። ግን «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ትቻለሁ። «ገባዎት?» የሚባል ሰው አልገባኝም አይልም፤ በተለይ ከኋላው ሰልፍ ካለ። «ቅድም ፈጥኜ ተናገርኩ መሰለኝ፤ እስኪ እቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ብለው ነው የሚነግሯት?» እላለሁ። ጥፋቱን እኔ ላይ ሳደርገው ሰዉ አይሸማቀቅም። ሽማግሌው ባለፈው ለሌላ ሕመም መጥተው እንዲህ ብዬ ስጠይቃቸው ጣታቸውን እየቆጠሩ ሦስቱንም ሰዓት ነገሩኝ። ከዚያ ቀና ብለው «ያን ጊዜም እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ» አሉ። አልረሱትም።

የስልክ ትምህርቱ አጭር ነበር፤ አንዲት ነገር ብቻ ወሰድኩ። እኛ ስናዳምጥ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» እንላለን። ፊት ለፊት ሲሆን አዎ ማለት ነው። ስልክ ላይ ግን ያ ትንፋሽ አይሰማም። የሪሴፕሽኗ ልጅ የውጭ እንግዶች ሲደውሉላት «አለሽ? መስመሩ ተቋረጠ?» እያሉ ለምን እንደሚጠይቋት የገባት ያን ቀን ነው። አሁን «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት ለምዳለች። «ማን ልበል?» የሚለውን ግን እንዳትተዪ ተብላለች። ከእሱ የተሻለ ጨዋ ጥያቄ የት ይገኛል?

ትልቁ ጉድለት ምን እንደሆነ ልናገር። ጅማ ላይ፣ በ6 ሳምንት ውስጥ፣ ስለ አፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አልተነሳም። መምህርቷም አላነሱትም፤ እዚህ ላይ ለእሳቸውም አላደላም። የእኔ ባንኮኒ ላይ በሁለት ቋንቋ ነው የሚሠራው። ገበያተኛዋ በአማርኛ ሰላም ብላኝ፣ ዋጋ በአማርኛ ተከራክራ፣ ሕመሟን ስትነግረኝ በአፋን ኦሮሞ ትሆናለች። ያመመው ሰው ያደገበትን ቋንቋ ነው የሚናገረው። እኔ ደግሞ «ጉያቲ ዬሮ ሰዲ» (በቀን ሦስት ጊዜ) ብያት፣ ማስጠንቀቂያው ላይ ስደርስ ሳላስበው አማርኛ ውስጥ እገባለሁ። ዋናው ነገር ያመለጣት እዚያ ጋ ሊሆን ይችላል። መቼ መቀየር፣ መቼ አለመቀየር፣ ስንቀይር እንዴት አድርገን ደግመን መናገር እንዳለብን የሚያስተምር ሰው ቢኖር ሌላ 3,000 ብር እከፍል ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ነርሶችም ይሄንኑ ነው ያሉት። እነሱ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያናግሩት!

«እርስዎ» ስለማለትም የተነገረን ነገር አልተዋጠልኝም። ለደንበኛ ሁሉ «እርስዎ» በሉ ተባለ። ለ17 ዓመት ልጅ «እርስዎ» ብለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ነው የሚያየው። ሞክሬዋለሁ።

መጨረሻው ላይ እያንዳንዳችን 5 ደቂቃ እንድንናገር ተደረገ። እኔ የመረጥኩት የተቅማጥ ዱቄት አበጠባበጥን ነው፣ ኦ.አር.ኤስን። አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋል። ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። እጄ ተንቀጠቀጠና ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ በሁለተኛው ፓኬት ነው ያሳየኋቸው። መምህርቷ ማስታወሻቸው ላይ የጻፉልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ግሶችሽ ተሰምተዋል።» ሱፍ ለባሹ ደግሞ «የሰውነት እንቅስቃሴ ይሻሻል» ብሎ 6 ከ10 ሰጠኝ። ባጃጅ ነጂው ስለ «እዚህ ጋ» ተናገረ፤ ከሁሉም የተጨበጨበለት እሱ ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ስሜ በተሳሳተ ፊደል ነው የታተመው። እስካሁን አልተስተካከለም፤ ስጠይቅ «እሺ» ብለውኛል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሦስቱም የመምህርቷ ናቸው። ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅ ልጅ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢቀሩበት አይጎዳም። ባንኮኒ ላይ፣ ሪሴፕሽን ላይ፣ ሕመምተኛ አጠገብ የምትሠሩ ከሆነ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያለው ብሩን ያወጣል። ግማሹን ብቻ ከፍሎ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቄ «አይቻልም» ተብያለሁ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትጠይቁ ግን ሊቻል ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸው የሚያስተምሩበትን ቀን በስልክ ሳይሆን በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ከፊት ተቀመጡ፣ በስተግራ በኩል። በስተቀኝ ያለው ቆርቆሮ ያንጠባጥባል።